የቆመ ውጤት፦ ተፈታኙ እያጠና ሳይሻሻል ሲቀር

ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ፣ ሮቢት ሳይደረስ የምትገኝ የራያ ቆላ ከተማ ናት። አገሩ የማሽላና የጤፍ አገር ነው። በዚህ ቆላ፣ እንደ ብዙው የኢትዮጵያ ገጠር ሁሉ፣ ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከተማ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ፣ ስንቁን ከቤት እያመላለሰ ይማራል። ልጁ 12ኛ ክፍል ሲደርስ ቤተሰቡ በሙሉ ፈተናውን አብሮ መጠበቅ ይጀምራል።

ይህ ዳሰሳ የሚመለከተው ከዚያ ጥበቃ መካከል የሚነሣውን አንድ ችግር ነው። ተማሪው ያጠናል፤ ከእንቅልፉ ቀንሶ ያጠናል። ይሁንና በኅዳር ሞዴል ፈተና ላይ 38 ካመጣ በየካቲት 39፣ በሚያዝያ ደግሞ 37 ያመጣል። ድካሙ ይጨምራል፤ ውጤቱ ግን ከነበረበት አይነቃነቅም። በዚህ ጊዜ ከዙሪያው የሚሰማው አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት አንዱን ነው፦ ወይ «በርታ፣ ገና ነህ» ይባላል፤ ወይ ደግሞ «ትምህርት አይገባውም» ተብሎ ይታለፋል። ሁለቱም ንግግሮች አንድ ጉድለት አለባቸው፤ ውጤቱ ለምን እንደቆመ አይጠይቁም። የቆመ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ምክንያቱ ሳይለይ የሚጨመር ድካም አብዛኛው ይባክናል። ከዚህ በታች ስለ ጉዳዩ የሚታወቀውን እንመዝን።

ፈተናው ራሱ

ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዛወረ። ምክንያቱ በየትምህርት ቤቱ የተስፋፋው ኩረጃና የፈተና ስርቆት ነበር። ተማሪው ከቤቱ ርቆ፣ ግቢ አድሮ፣ ከማያውቀው ፈታኝ ፊት ተቀመጠ። በጥር 2015 ውጤቱ ሲገለጽ፣ ከ896 ሺህ በላይ ተፈታኞች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909 ብቻ፣ ማለትም 3.3 በመቶ ሆኑ። ከ2015 ተፈታኞች 3.2 በመቶ፣ ከ2016 ተፈታኞች 5.4 በመቶ፣ ከ2017 ተፈታኞች ደግሞ 8.4 በመቶ አለፉ። በ2015 አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,300 በላይ ነበሩ።

እነዚህ ቁጥሮች ስለ ተማሪው የሚናገሩት በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ከመቶ ተፈታኝ ዘጠናው ከወደቀ፣ ችግሩ የዘጠና ሰነፎች ችግር ሊሆን አይችልም። አንድ ትምህርት ቤት ሙሉ ክፍል ልኮ አንድም ሳያሳልፍ ሲቀር፣ ጥያቄው ከልጆቹ በፊት ለትምህርት ቤቱና ትምህርት ቤቱን ለሚያስተዳድረው አካል ነው። የፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ ትምህርት ሚኒስቴር ውጤቱን ሳይሸፍን ማውጣቱ ተገቢ ነበር፤ በሽታን መደበቅ አያድንም። ነገር ግን ቁጥሩ በየዓመቱ በተነገረ ቁጥር «እኔ ደግሞ ከማን እበልጣለሁ» ብሎ እጁን የሚሰጥ ተማሪ እንዳለ መዘንጋት የለበትም።

መቆም ሁልጊዜ መቆም አይደለም

ስለዚህ ጉዳይ ከተጻፉት ጥናቶች ቀደምት የሆነው እ.ኤ.አ. በ1897 የወጣው የብራያንና የሃርተር ሥራ ነው። ሁለቱ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች፣ የቴሌግራፍ ሠራተኞች መልእክት መቀበልን ሲለማመዱ ተከታተሉ። የተማሪዎቹ ፍጥነት ለተወሰነ ጊዜ ያድግና ለሳምንታት ባለበት ይቆያል፤ ከዚያም እንደገና ይነሣል። ተመራማሪዎቹ የሰጡት ማብራሪያ፣ በዚያ የመቆም ጊዜ ፊደልን መለየት ያለ ሐሳብ የሚሠራ ልማድ እየሆነ ነው፤ እሱ ሲጸና ቃልንና ዓረፍተ ነገርን በአንድ ጊዜ መቀበል ይቻላል የሚል ነበር።

ይህ ማብራሪያ ለብዙ ዘመን ተማሪዎችን ማጽናኛ ሆኖ ቆየ። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ1958 ፍሬድ ኬለር በጉዳዩ ላይ ጽፎ፣ ያ የመቆም ጊዜ የመማር የግድ ሕግ እንዳልሆነና በሌሎች ልምምዶች ላይ ብዙ ጊዜ እንደማይታይ አሳየ። እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ግሬይና ሊንድስቴት ሌላ ነገር ጨመሩ፦ ሰው የለመደውን መንገድ ትቶ የተሻለ መንገድ ሲይዝ፣ ችሎታው ከመነሣቱ በፊት ለጊዜው ሊወርድ ይችላል። ከሦስቱ የሚወሰደው ትምህርት ይህ ነው፦ መቆም ሊያልፍ የሚችል ነገር ነው፤ ነገር ግን ዝም ብሎ መጠበቅ ብቻ አያሳልፈውም። የአጠናን ለውጥ ያደረገ ተማሪ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቢወርድ መደንገጥ የለበትም።

ከዚህ ሌላ ብዙ ጊዜ የማይነገር የስሌት ጉዳይ አለ። 60 ጥያቄ ያለውና እያንዳንዱ አራት ምርጫ የያዘ ፈተና እንውሰድ። 20 ጥያቄ በእርግጥ የሚያውቅ ተማሪ የቀሩትን 40 በግምት ቢሞላ 10 ያህል ይገጥምለታል፤ ውጤቱም 30 ይሆናል። ይኸው ተማሪ በሦስት ወር ጥናት የሚያውቀውን ወደ 24 ቢያሳድግ፣ በግምት የሚሞላው 36 ስለሚሆን 9 ይገጥምለትና ውጤቱ 33 ይሆናል። እውቀቱ በአንድ አምስተኛ አድጓል፤ ወረቀቱ ላይ የታየው ግን ሦስት ጥያቄ ነው። የግምት ዕድል ብቻውን ውጤቱን በዚህ ያህል ወደ ላይም ወደ ታችም ሊያወዛውዘው ይችላል። በዚያ ላይ አንዱ ሞዴል ፈተና ከሌላው ሊከብድ ይችላል። ስለዚህ 38፣ 39፣ 37 ያመጣ ልጅ ምናልባት አልቆመም፤ መለኪያው ነው እድገቱን ያላሳየው።

መፍትሔው ቀላል ነው። በፈተናው ላይ ከእያንዳንዱ መልስ ጎን «አውቄ»፣ «ተጠራጥሬ»፣ «ገምቼ» የሚል ምልክት ማድረግ። ሲታረም መቆጠር ያለበት ጠቅላላው ድምር ሳይሆን «አውቄ» ተብሎ የተገኘው ነው። ያ ቁጥር እያደገ ከሆነ ተማሪው መንገድ ላይ ነው። ያ ቁጥርም ካልተነቃነቀ እውነተኛ መቆም አለ ማለት ነው፤ ወደሚቀጥለው ጥያቄ መሄድ ያስፈልጋል።

አጠናኑ ሲሆን ምክንያቱ

እውነተኛ መቆም ካለ መጀመሪያ የሚመረመረው አጠናኑ ነው። የብዙ ተማሪ ጥናት ማስታወሻን ደጋግሞ ማንበብ፣ በቀለም ማስመርና መሸምደድ ነው። ይህ አጠናን የሚያታልል ባሕርይ አለው፤ ገጹ በተደጋገመ ቁጥር ለዓይን እየቀለለ ስለሚሄድ የታወቀ ይመስላል።

ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጡት ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። አንዱ ቡድን ጽሑፉን ደጋግሞ አነበበ፤ ሌላው አንብቦ፣ ጽሑፉን ዘግቶ፣ ያስታወሰውን ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። እ.ኤ.አ. በ2013 ደንሎስኪና ባልደረቦቹ አሥር የአጠናን ዘዴዎችን መዝነው ከፍተኛ ጥቅም አላቸው ያሏቸው ሁለት ብቻ ናቸው፦ ራስን መፈተንና ጥናትን በቀናት ከፋፍሎ መደጋገም። ደጋግሞ ማንበብና ማስመር ዝቅተኛ ጥቅም ካላቸው ተርታ ተመደቡ።

ለሒሳብና ለፊዚክስ ደግሞ የሮረርና የቴይለር የ2007 እ.ኤ.አ. ጥናት ልዩ ትርጉም አለው። አንዱ ቡድን ተመሳሳይ ጥያቄዎችን በተከታታይ ሠራ፤ ሌላው የተለያዩ ጥያቄዎችን አደባልቆ ሠራ። በልምምዱ ጊዜ በተከታታይ የሠሩት 89 በመቶ፣ አደባልቀው የሠሩት 60 በመቶ አገኙ። ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን አደባልቀው የሠሩት 63 በመቶ ሲያገኙ ሌሎቹ 20 በመቶ ላይ ቀሩ። የእኛ ወርክሺቶች በብዛት በምዕራፍ የተከፋፈሉ ናቸው፤ ተማሪው የትኛውን ቀመር መጠቀም እንዳለበት ርእሱ አስቀድሞ ይነግረዋል። ብሔራዊ ፈተናው ግን አይነግረውም። በቤት ሁሉን ሠርቶ በፈተና የሚደናገር ተማሪ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይህ ነው።

እነዚህ ዘዴዎች ኢንተርኔትም ሆነ ስልክ አይፈልጉም። አንድ ደብተር በቂ ነው። ማታ ደብተሩን ዘግቶ የቀኑን ትምህርት በራስ ቃል መጻፍ፤ ከሦስት ቀን በኋላ፣ ከዚያም ከሳምንት በኋላ ያንኑ ሳያዩ መድገም፤ ከአራት ምዕራፍ ሁለት ሁለት ጥያቄ አውጥቶ አደባልቆ መሥራት። የተሳሳተ ጥያቄ ሁሉ በአንድ የስሕተት ደብተር ላይ ይስፈር፤ ከጎኑም ለምን እንደተሳሳተ ይጻፍ፦ አላወቅሁትም፣ ጥያቄውን አልተረዳሁትም፣ ስሌት ተሳሳትሁ፣ ጊዜ አለቀብኝ። ከሁለት ወይም ከሦስት ሞዴል ፈተና በኋላ ያ ደብተር የተማሪውን መቆሚያ ቦታ ከማንኛውም መካሪ በላይ ያሳያል።

ሥሩ ሲሆን ምክንያቱ

የስሕተት ደብተሩ ብዙ ጊዜ የሚያወጣው ያልተጠበቀ ነገር ነው። የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ ጥያቄ የተሳሳተው በፊዚክስ ሳይሆን በክፍልፋይ ወይም ቀመርን አዙሮ በመጻፍ ሊሆን ይችላል። የባዮሎጂው ጥያቄ የተሳሳተው መልሱ ጠፍቶ ሳይሆን በእንግሊዝኛ የተጻፈው ዓረፍተ ነገር ስላልገባ ሊሆን ይችላል። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ መማሪያውም ፈተናውም በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ አሰናስሎ ሊያስረዳ የሚችለውን ጉዳይ በእንግሊዝኛ ሲጠየቅ የሚስት ተማሪ ጥቂት አይደለም።

የጎብዬ ገበሬ ይህን ዓይነት ችግር በማሳው ላይ ያውቀዋል። ማሽላው ዝናብ አግኝቶም ይቀጭጫል፤ ሲታይ የተጠማ ይመስላል። አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረም ከመሬት በላይ ከመታየቱ በፊት ለሳምንታት ሥሩ ላይ ተጣብቆ ሲመጠምጠው ቆይቷል፤ የተዘራ ማሳ ላይ ውሃ ቢጨመርም መቀጨጩ አይቀርም። መላው የተገኘው ሥሩ ሲጠና ነው። የአቀንጭራ ዘር የሚበቅለው ከማሽላው ሥር የሚወጣ ንጥረ ነገር ሲቀሰቅሰው ስለሆነ፣ ይህን ንጥረ ነገር በትንሹ የሚያወጡ ዝርያዎች ተመረጡ። ለዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ትውልደ ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጄታ ናቸው። ከእሳቸው ምርምር ተገኝተው በ1990ዎቹ መጀመሪያ በኢትዮጵያ ከተለቀቁት ሁለት ዝርያዎች አንዱ «አብሽር»፣ ሌላው «ጎብዬ» ይባላል። በ12ኛ ክፍል ተማሪ ላይም የጥናት ሰዓት መጨመር ከ7ኛ ወይም ከ8ኛ ክፍል የቀረውን ክፍተት አይሞላውም። ወደ ሥሩ መውረድ ይጠይቃል።

ወደ ታች ክፍል መጽሐፍ መመለስ ውርደት ይመስላል፤ ብዙ ተማሪም በዚህ ምክንያት ይሸሸዋል። ግን በመስከረምና በጥቅምት ስድስት ሳምንት ለክፍልፋይ፣ ለአልጀብራና ለመሠረታዊ የእንግሊዝኛ ንባብ የሰጠ ተማሪ፣ የቀረውን ዓመት በተሻለ መሬት ላይ ያጠናል። ፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው ደግሞ ምርጫው ይለያል፤ በዚያን ጊዜ ሁሉን ክፍተት መሙላት ስለማይቻል፣ ብዙ ጥያቄ የሚያስስቱትን ሁለትና ሦስት ክፍተቶች ብቻ መርጦ መድፈን ይሻላል።

ሰውነት፣ ፍርሃትና እንቅልፍ

አንዳንዱ መቆም ከድካም ነው። እንቅልፍ የተማርነው የሚጸናበት ሰዓት በመሆኑ፣ ሌሊቱን ነቅቶ ያጠና ተማሪ ያጠናውን ራሱ እየሸረሸረ ነው። ጫት ለጥናት ይረዳል የሚለው እምነት በወሎ ቆላም በሌላም አካባቢ ሥር የሰደደ ነው። ጫት እንቅልፍን ያባርራል፤ ነገር ግን የነቃ ሰው ሁሉ እየተማረ ነው ማለት አይደለም። የሌሊቱ ንቃት በማግስቱ ክፍል ውስጥ በድካም ይከፈላል። ለብቻው ተከራይቶ የሚኖር ልጅ ደግሞ ስንቁ ባለቀበት ሳምንት ቁርስ ሳይበላ ሊፈተን ይችላል። የዚህ ልጅ ውጤት ቢቆም መድኃኒቱ ምክር ሳይሆን እንጀራ ነው።

ስለ ፈተና ፍርሃት ብዙ ተብሏል፤ የተረጋገጠው ግን ከተባለው ያንሳል። ራሚሬዝና ባይሎክ እ.ኤ.አ. በ2011 ከፈተና በፊት ለአሥር ደቂቃ ጭንቀትን በወረቀት ላይ መጻፍ ውጤት ያሻሽላል ብለው ነበር፤ ሌሎች ሙከራውን ሲደግሙት ግን ተመሳሳይ ውጤት አላገኙም። ከዚህ ይልቅ የሚታመነው ፈተናውን መለማመድ ነው፦ በትክክለኛው ሰዓት፣ ያለ ማቋረጥ፣ ያለ ደብተር፣ ከማያውቁት ሰው ፊት። ከቤቱ ርቆ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ለሚፈተን የጎብዬ ልጅ ትምህርት ቤቱ ይህን ልምምድ ቢያደራጅለት ትልቅ ስንቅ ነው።

ጦርነት ሲጨመርበት

በራያ ቆላ ስለ ቆመ ውጤት ሲወራ የሰሜኑን ጦርነት ማለፍ አይቻልም። ቆቦና አካባቢዋ ከ2013 ክረምት እስከ ታኅሣሥ 2014 በሕወሓት ኃይሎች ቁጥጥር ሥር ነበሩ። የ2013 ተፈታኞች ብሔራዊ ፈተና በጥቅምት መጨረሻ 2014 መሰጠት ሲጀምር የዚህ አካባቢ ልጆች ከጦርነቱ መካከል ነበሩ። በነሐሴ 2014 ጦርነቱ እንደገና ሲያገረሽ የተቀሰቀሰው በዚሁ በቆቦ ግንባር ነው፤ ያን ዓመት ፈተናው መስከረም 30 ቀን 2015 ተጀመረ፣ ማለትም ከሁለት ወር ባነሰ ጊዜ ውስጥ። ጦርነቱን ያቆመው የፕሪቶሪያው ስምምነት በጥቅምት 23 ቀን 2015 ተፈረመ። ዓመት ሳይሞላ ደግሞ በአማራ ክልል በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ ታጣቂዎች መካከል አዲስ ግጭት ተነሣ። ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋረጠ፤ ከቴሌግራም ወርክሺትና የድሮ ፈተና ያወርድ የነበረው ተማሪም ባዶ እጁን ቀረ።

በእነዚህ ዓመታት ያለፈ ተማሪ ውጤቱ ቢቆም ከአዲስ አበባ ተማሪ እኩል ታይቶ «አልጣርህም» ሊባል አይገባም። ለእርሱ የሚሻለው ያመለጡትን ምዕራፎች በዝርዝር ጽፎ፣ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ተከፋፍሎ፣ እያንዳንዱ አንዱን አጥንቶ ለሌሎቹ ማስተማር ነው። ሲያስተምሩ የራሳቸውም ክፍተት ይወጣል። የታተመ መጽሐፍና የድሮ ፈተና ከኔትወርክ መቋረጥ በፊት በወረቀት ማከማቸትም የትምህርት ቤቱና የወረዳው ሥራ መሆን አለበት። እንቅልፍ ያጣ፣ የሚደነግጥ፣ ሰው የሞተበት ልጅ ደግሞ ከጥናት ስልት በፊት የሚያዳምጠው ሰው ያስፈልገዋል።

ወላጅና መምህር

ወላጅ ፊዚክስ ባያውቅም ሊያደርግ የሚችለው አለ። በእርሻ ሥራ ወቅት፣ በተለይ ማሽላ ከወፍ በሚጠበቅበትና በሚታጨድበት ጊዜ፣ ለተፈታኝ ልጅ የጥናት ሰዓት ማስጠበቅ ቀዳሚው ነው። ሴት ልጅ ከሆነች ደግሞ ውሃው፣ ማገዶውና ምጣዱ ከእርሷ ላይ ቢቀልል የምታገኘው ሰዓት ከማንኛውም ቲቶሪያል ይበልጣል። ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደር ግን ምንም አይጠቅምም። «ስንት አመጣህ?» ከማለት ይልቅ «ምን አዲስ ነገር ገባህ?» ማለት ልጁ ውጤቱን ሳይደብቅ እንዲናገር ያደርገዋል።

መምህሩም ከምዕራፍ መጨረስ በፊት ክፍተት ማወቅን ቢያስቀድም ይመረጣል። በመስከረም የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ሒሳብ ላይ ያተኮረ አጭር ፈተና ለመላው 12ኛ ክፍል ቢሰጥ፣ የማጠናከሪያ ትምህርቱ በጭፍን አይሆንም። ሁሉን ተማሪ በአንድ ክፍል ሰብስቦ ያንኑ ትምህርት በፍጥነት መድገም ያወቀውን ያሰለቻል፤ ያላወቀውንም አይደርስለትም።

ከፈተናው በኋላ

50 በመቶ ያላመጣ ሁሉ በሩ አልተዘጋበትም። በ2015 የተጀመረው የሬሚዲያል ፕሮግራም የተወሰነ ነጥብ ያላቸውን ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ተቀብሎ ለወራት አስተምሮ እንደገና ይፈትናል። በግል እንደገና መፈተንም አለ፤ ቴክኒክና ሙያም አለ። ሆኖም ደግሞ የሚፈተን ተማሪ ያንኑ አጠናን ለሌላ ዓመት ከደገመ ያንኑ ውጤት መጠበቅ አለበት። ደግሞ መፈተን የሚጠቅመው የመጀመሪያው ዓመት ስሕተት በወረቀት ላይ ተጽፎ ከተጠና ነው። ቴክኒክና ሙያም በከርሰ ምድር ውሃ መስኖ በሚለማው የቆቦ ሜዳ ላይ ፓምፕና ሞተር የሚጠግን ሰው ስለሚፈለግ፣ የተሸናፊዎች መጠለያ ተደርጎ መታየቱ ይብቃ።

ፍርዱ

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው መደምደሚያ ሁለት ወገን አለው። የተማሪው ወገን ይህ ነው፦ ውጤትህ ሲቆም፣ ውጤትሽ ሲቆም፣ ሰዓት ከመጨመር በፊት ምክንያቱ ይለይ። መለኪያው ይሁን፣ አጠናኑ ይሁን፣ ሥሩ ይሁን፣ ሰውነቱ ይሁን፣ በአንድ የስሕተት ደብተርና በሦስት ሳምንት ሐቀኛ መዝገብ ይታወቃል። ከዚያ በኋላ የሚደከም ድካም ፍሬ ይኖረዋል። ሌላው ወገን የመንግሥት፣ የትምህርት ቤትና የቤተሰብ ነው። መጽሐፍ ሳይደርሰው፣ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት፣ ከታች ክፍል የቀረበትን ማንም ሳያይለት 12ኛ ክፍል የደረሰን ልጅ በ50 በመቶ ብቻ መዝኖ መመለስ ፍትሕ አይሆንም። የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤትና ትምህርት ቤቶቹ በሚመጣው መስከረም ቢያንስ አንድ ነገር ያድርጉ፦ ማስተማር ከመጀመራቸው በፊት እያንዳንዱ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የቆመበትን ቦታ ይወቁ።